የንሻን ሰቆ

ንሻን እባላለሁ፤ በአርመንኛ ምልክት፤
ሰቆ ቀቢ ልጅ ነኝ፣ ከሰቆ ቀቢ ቤት፤
ሱቄ ከቅጥሩ ሥር፣ ከዚያ በር አጠገብ፣
ጥይት ኒሻን አርጎት ጠባሳው ከሚነበብ።

በጥር፣ በዝናብ ቀን፣ ከማዘጋጃ ቤት
ትእዛዝ መጣልኝ፦ «በሦስቱ ፊደላት
ጽዮን ብለህ ጻፍልን፤ ሰማያዊ በነጭ፤
ጠርዙ የወይን ሐረግ፤ እንዳያብለጨልጭ።»
መጀመሪያ ዕብራይስጡን፣ አራት ፊደል ጻፍኩ፤
የመንገድ ጽሕፈት ነውና ነጥቦቹን ተውኩ።

ያን ጊዜ ሂላ ገባች፣ ቦርሳ በራሷ ላይ፣
ከአይሁድ ሰፈር ወዲህ ያባረራት ሰማይ።
ጠጉሯን እያራገፈች ሰቆው ላይ አጎንብሳ፣
«ውጤትም ይለጠፋል ወይ?» አለች ድምጿን ቀንሳ።
«‹ነጥብ› ነው የሚለው። የእኔ ሒሳብ ዛሬ ወጣ፤
ስድሳ ሁለት። እናቴ አልሰማችም፤ ጉዴ ማታ ሊመጣ።»

ሳቅኩ። እውነቷን ነው። ያው አራት ፊደል ናቸው፤
አንዲት የቀለም ጠብታ ናት የምትለያቸው፦
ከሦስተኛው ፊደል አናት ነጥብ ስታርፍ፣ ጽዮን፤
ያችው ነጥብ ወርዳ ከሆዱ ስትገባ፣ ጽዩን፦
የተማሪ ማርክ፤ መንገደኛ እንዳይጠፋ የተካበ ድንጋይ፤
ሙት እንዳይረገጥ የሚተከል ከመቃብሩ ላይ።

እሷን ሸኝቼ ቀለሙ እስኪደርቅ ተቀመጥኩ፤
ከስንት አፍ እንደ ሰማሁት ፍቺውን መቁጠር ጀመርኩ።

ፍሩማ አለች፣ ባልቴቷ፣ ከደረጃው በላይ የምትኖር፤
ከበሯ ትይዩ ክንድ በክንድ ግድግዳ አላት፣ ያለ ልስን የሚያድር።
«መቅደሱ ሲፈርስ የቀረልን» ትላለች፣ «ይህች ናት፤
ሌላውን ሁሉ ለስነው፣ ቀባው፤ ጽዮንን ግን ተዋት።
አያቴ በበረዶ አገር ወደዚህ ዞሮ ሲያለቅስ ኖረ፤
እኔ መጣሁ፣ ተቀመጥኩባት፤ ናፍቆቱ ግን አልተሻረ።»

አባ ዬግያ ግን፣ ዳዊት ያስደገሙኝ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣
ጽዮን ሲሉ ጣታቸው ወደ ጣራ ይል ነበር።
«ኅብስት የተቆረሰባት፣ እሳት የወረደባት ሰገነት፣
የአብያተ ክርስቲያናት ሁሉ እናት፤
ይህ ታችኛው ስሟ ነው፤ ላይኛዋ ገና ናት።»
በስተርጅና፣ ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው፣
«ጉልበቴ ሲርቅ ቀረበች» ይሉኝ ነበር ስቀው።

ሊቃውንት ደግሞ አይስማሙም፤ አንዱ ደረቅ ምድር ይለዋል፣
አንዱ አምባ፣ አንዱ የዘበኛ ማማ፤ ሁሉም መጽሐፍ ይጠቅሳል።
ስሙም አርፎ አልተቀመጠም፤ እግር አለው መሰለኝ፦
መጀመሪያ ከታች፣ ከምንጩ በላይ፣ የዳዊት ምሽግ ነበር አሉኝ፤
ኋላ ወጥቶ መቅደሱ ከቆመበት ተራራ ሰፈረ፤
ኋላም የእኛ አባቶች ወደ ምዕራብ አምጥተውት እዚህ አደረ።
ነገ ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል?
ሰቆ ግን ሲሚንቶ ይፈልጋል።

ማታ ወደ ምድጃው ሳስገባው አንድ ነገር አየሁ፦
ከሂላ ጠጉር ይሁን ከብሩሼ፣ እስካሁን አላወቅሁ፣
ከሦስተኛው ፊደል አንገት ሰማያዊ ጠብታ አርፋለች፤
ወደ አናቱ አልወጣች፣ ወደ ሆዱ አልወረደች።
ልፍቃት ቢላ አነሳሁ፤
መልሼ አስቀመጥሁ።

ሹሙ ሳያያት ፈረመ። ሰቆው ከግንቡ ተሰቀለ።
ከሥሩ እንግዳ አይጠፋም፣ ካርታ ዘርግቶ የዋለለ፤
«ጽዮን የት ነው?» ይለኛል፣ ከስሙ ሥር ቆሞ።
ቁልቁል እጠቁማለሁ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ከጫማው ሥርም ደግሞ።
አንዱ አመስግኖ ይሄዳል፤ አንዱ ይናደዳል፤
ለቀረችው አንዷ ግን ጣቴ ወዴት ይቀሰራል?

ትናንት ሂላ መጣች፣ ወረቀት እያውለበለበች፦
«ሰባ አንድ! ጽዩኔ ዘጠኝ ከፍ አለ!» አለች።
ብሩሼን አኖርኩና እስከ ደጃፌ ወጣሁ፤
ኮረብታውን ቀና ብዬ አየሁ።